አሮጌ ባትሪ እንደ አሮጌ ጣሳ አይጣል





በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «መኪናዬ ጧት አልነሣ አለኝ፤ ምን ይሻላል?» የሚለው ነው። አንዱ ነዳጁን፥ ሌላው ሞተሩን ያማል። በመጨረሻ ሁሉም «ባትሪውን ለውጠው» ብሎ ይፈርዳል። ባለመኪናውም ያለ ምስክር በተሰጠ ፍርድ ደመወዙን ይዞ ወደ ሱቅ ይሄዳል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ነውና አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ሞተሪኖው እንደ ልማዱ በብርቱ እየዞረ ሞተሩ ካልተነሣ፥ የሚመረመረው ነዳጁና ካንዴላው እንጂ ባትሪው አይደለም። ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ቢቀርና መብራቱ ቢደበዝዝ ግን ወደ ባትሪው መመልከት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን በባትሪው ራስ ላይ የታሠረው ገመድ ከላላ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዝገት ከያዘው፥ ደኅናው ባትሪ እንደ ሞተ ይቈጠራል።

ቀጥሎ መለካት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ደኅና ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12 ቮልት ከሆነ ኃይሉ ወደ ማለቁ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ሊያሳይ ይገባዋል። ከዚህ እጅግ ካነሰ የታመመው ዲናሞው ወይም ቺንጋው ሊሆን ስለሚችል፥ አዲስ ባትሪ ቢገዙለትም በጥቂት ቀን ያው ይሆናል። ከቤት እስከ ቢሮ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪናም፥ ሞተሪኖው የወሰደውን ኃይል ዲናሞው ሳይተካለት ይቆማል። እንዲህ ያለው ባትሪ ቻርጅ እንጂ ምትክ አያሻውም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አሮጌው ባትሪ የሚሄድበት ስፍራ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ከፈለሰፈው ወዲህ የዚህ ባትሪ ሆድ ዕቃ እርሳስና አሲድ ነው፤ ከክብደቱም ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነው። እኔ በምኖርበት ሰፈር በአንድ ግቢ ውስጥ ከቆራሌው የተገዛ ባትሪ በመዶሻ ይሰበራል፤ አሲዱ ወደ ቦይ ይደፋል፤ እርሳሱም በከሰል ይቀልጣል። ከአጥሩ ማዶ ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ አስታውቋል። የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ ጉዳቱም ዕድሜ ልክ ሊቈይ ይችላል። ያ ባትሪ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በጥቂት ብር የሸጠው ባለመኪና አለ።

«የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷልና ይህ ሁሉ ይቀራል» የሚል ይኖራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቀድሞ የገቡት ገና ብዙ ዘመን ይሠራሉ፤ ከኤሌክትሪኮቹም ብዙዎቹ ለመብራትና ለመሳሰለው ያንኑ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ይይዛሉ።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው ይህ ነው። ማንም ሰው ሳያስለካ ባትሪ አይግዛ። ሻጩም አዲሱን ሲሸጥ አሮጌውን ከነአሲዱ፥ ሳይሰበር እየተረከበ በሚገባ ለተቋቋመ ማቅለጫ የማስረከብ ግዴታ ይኑርበት፤ ለዚህም ደረሰኝ ይስጥ። ብዙ መኪና ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ቀድመው ምሳሌ ይሁኑ። የንብረት ክፍሎቻቸው እያንዳንዱን አሮጌ ባትሪ በመዝገብ ይያዙ፤ ለጨረታ ሲያወጡትም ስንት ብር እንደሚያወጣ ብቻ ሳይሆን፥ ገዢው ወስዶ ምን እንደሚያደርገው ይጠይቁ። ከመሥሪያ ቤት ግቢ እንደ አሮጌ ዕቃ የወጣ ባትሪ በሠራተኛው ልጅ ደም ውስጥ መርዝ ሆኖ መገኘት የለበትም።

ከአክብሮት ጋር፥

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
አዲስ አበባ