እርጥብ ስልክና የሩዝ ከረጢት

ባለፈው ክረምት ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ በምሰበስብበት ወቅት፣ የቃለ መጠይቆቼን የድምፅ ቅጂ የያዘው ስልክ ከዝናብ ልብሴ ኪስ ሾልኮ ጎርፍ በሞላው ቦይ ውስጥ ወደቀ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አወጣሁት፤ ይሠራ ነበር። መሥራቱን ለማረጋገጥ ደጋግሜ አጠፋሁት፣ አበራሁት። ማምሻውን ሩዝ ውስጥ ቀበርሁት፤ በሦስተኛው ቀን ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ከዚያ ወዲህ አልበራም። አሥራ አንድ ቃለ መጠይቆችም አብረውት ቀሩ። (ሩዙንም ማንም ሊበላው አልወደደም።)

ሩዝ ስለ ምን እንደማይረዳ ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ የውኃ ጠብታ 50 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው የውኃ ተን ደግሞ 23 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ያችን አንዲት ጠብታ በትነት ለማስወጣት፣ ፍጹም ደረቅ የሆነ ከሁለት ሊትር በላይ አየር በስልኩ ውስጥ ማለፍ ይኖርበታል። በስልኩ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ግን ቢበዛ ጥቂት ሚሊሊትር ነው፤ ሩዙ ደግሞ የቱንም ያህል ደረቅ ቢሆን የሚቀመጠው ከውጭ ነው። ውኃ እንዳያስገባ የተበጀው ማሸጊያ፣ አንዴ ከገባ በኋላ እንዳይወጣም ይከለክለዋል። አፕል ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2024 የሩዝ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ እንደሚችል ገልጾ ደንበኞቹ ከዚህ ልማድ እንዲታቀቡ አሳስቧል።

«የእኔን ግን አድኖታል» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ያ ስልክ ለሁለት ቀን ጠፍቶ መቀመጡ ይሁን ሩዙ ያዳነው፣ ማነጻጸሪያ በሌለበት ማን ይለያል? በሌላ ርእሰ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ማስረጃ አማካሪዎቻችን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙት ነበር።

በእኔ እምነት ትልቁ ስሕተት ማድረቅን ማስቀደማችን ነው። የጎርፍ ውኃ ጨውና አፈር ስለሚይዝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ባትሪው እስከተያያዘ ድረስ በቦርዱ ላይ ባሉት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች መካከል ቮልቴጅ አለ፤ በዚህ ኃይል ከአንዱ መስመር መዳብ እየሟሟ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ እዚያም እንደ ሥር እየተዘረጋ ሁለቱን ያገናኛል። ስልኬን የገደለው በአብዛኛው ያ ደጋግሞ ማብራትና በመጨረሻም ቻርጅ ማድረጌ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ስለ ውኃ መቋቋም በተነገረ አሳሳች ማስታወቂያ ሳምሰንግን 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሲቀጣ፣ ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ስልኩ እርጥብ ሳለ ቻርጅ ቢደረግ መሰኪያው ሊዝግ መቻሉ ነበር። የውኃ መቋቋም ደረጃ የሚለካውም አዲስ ስልክ በቤተ ሙከራ፣ በንጹሕ ውኃ ተፈትኖ እንጂ ሁለት ዓመት ኪስ ውስጥ ተለብጦ አይደለም።

እንግዲያው ስልኩን ወዲያው ማጥፋት፣ ቻርጅ አለማድረግ፣ በፀጉር ማድረቂያም ሆነ በምድጃ ዳር አለማሞቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ጠጋኝ ወስዶ ማስከፈት፣ ባትሪውን ማስነቀል፣ ቦርዱንም በብሩሽና ንጽሕናው ከፍ ባለ አይሶፕሮፒል አልኮል ማስጠረግ ይገባል። ጠጋኝ በሌለበት ገጠር ያለ ሰው ቢያንስ አጥፍቶ ይጠብቅ፤ «እስኪ ልየው» የሚለውን ፈተና ይቋቋም።

የምርምር ንድፈ ሐሳቦቻችን ስለ ናሙና አመራረጥና ስለ ፈቃድ ቅጽ ብዙ ገጽ ይጽፋሉ፤ መረጃው ስለሚያድርበት ዕቃ ግን አንድ መስመር አይጽፉም። ቅጂው በየምሽቱ ወደ ሌላ መሣሪያ እንዲገለበጥ የትምህርት ክፍሎች እንደ ግዴታ ሊያስቀምጡት ይገባል። እኔ ከአሥራ አንዱ ሰባቱን ተመልሼ አነጋግሬአለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያወጉኝ አንድ አዛውንት በሁለተኛው ጊዜ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተነሡ፤ «ልጄ፣ ይህን እኮ ነግሬሃለሁ» አሉኝ።