ክረምቱ ሳይወጣ

በደቡብ መስመር ሽበት ያወጣችሁ አስጎብኚዎችና ሾፌሮች፣ ከዝዋይ እስከ ነገሌ፣ ከጎባ እስከ ያቤሎ መንገዱን ከነጉድጓዱ የምታውቁት ባልንጀሮቼ፣ መስቀል አልፎ የወፍ፣ የቢራቢሮና የዱር ኦርኪድ ፈላጊዎች መነጽራቸውን አንግተው በየሆቴሉ በር ሳይቆሙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወጣቶቹን አልፌ ወደ እናንተ የመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እነርሱ አብጃታ ሐይቅን የሚያውቁት እንደ ዛሬው ሆኖ ስለሆነ የጎደለው አይታያቸውም፤ እናንተ ግን ሞልቶ አይታችሁታል።

ፍላሚንጎው ዳርቻውን ሲያቀላው፣ ፔሊካኑ ከሻላ ደሴቶች ተነሥቶ አየሩ ሲሞቅለት እየዞረ ወደ ላይ ወጥቶ ኮረብታውን በመሻገር አብጃታ ላይ አሣ ሊለቅም ሲወርድ አብረን ቆመን አይተናል። ሻላ ጥልቅ ነው፤ ደሴቶቹም ከአውሬ የተጠበቁ ለጎጆ የተመቹ ናቸው፤ አሣ ግን እምብዛም የለበትም። ስለዚህ ወፉ የሚፈለፍልበት ሐይቅ አንድ፣ የሚበላበት ሐይቅ ሌላ ነበር። የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከዳርቻው ሶዳ አሽ ሲወጣ፣ ግራሩ ከሰል ሆኖ በጆንያ ወደ ከተማ ሲጫን፣ እያንዳንዱ ወሳጅ የወሰደው ለዓይን የማይሞላ ነበር፤ ሁሉም የልጆቹን እንጀራ እንጂ የሐይቁን ሞት አላሰበም። ውኃው እየሸሸ ጨውነቱ በረታ፤ አሣው አለቀ፤ ሻላ ላይ አንድም ሰው ድንጋይ ሳይወረውር የፔሊካኑ መንደር ተፈታ። የሐረማያ ሐይቅም ከ20 ዓመት በፊት ግድም እንዲሁ ፓምፑ ሲስበው፣ ከኮረብታው የታጠበው አፈር ሲሞላው ደርቆ ከብት ተሰማራበት። ከዓመታት በኋላ ውኃው በከፊል መመለሱን ስሰማ የተሰማኝ ደስታ ትንሽ አልነበረም፤ ግን ደርቆ ሳለ ውኃ ፍለጋ እየመጣ የተመለሰውን የወፍ መንጋ ማን ይመልሰዋል?

1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ በየፓርኩ የሆነውን አላነሣም፤ የጥበቃ ቤቱ ጣሪያ ሳይቀር ሲነቀል ያየ ዓይን ማስታወሻ አያስፈልገውም። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ሲነድ የነበረውንም ጭስ እንዲሁ። እነዚያ ጥፋቶች ቢያንስ ድምፅ ነበራቸው። የሚያስፈራኝ ድምፅ የሌለው ነው፤ ያ ደግሞ ዛሬ በእኛው ሙያ ውስጥ ተቀምጦ አየዋለሁ።

ዛሬ የሚመጣው ጎብኚ በእጁ ዝርዝር ይዟል። በጥቂት ቀን ውስጥ በአገራችን ብቻ የሚገኙትን ወፎች ሁሉ አይቶ በየስማቸው ላይ ምልክት ሊያደርግ ይፈልጋል፤ አስጎብኚውም ጉርሻው እንዳይቀንስ ስልኩን ከስፒከር ጋር አገናኝቶ የወፉን ድምፅ ይለቅለታል። ወንዱ ወፍ ባላንጣ ክልሉ የገባበት መስሎት የያዘውን ትቶ ይወጣል፤ ይጮኻል፤ ይዞራል፤ የሚጣላውን አያገኝም። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደለም እንል ይሆናል። ወንዶ ገነት ከፍል ውኃው በላይ ባለው ኮረብታ ግን በአንድ ጠዋት ሦስት ቡድን በአንድ ዛፍ ሥር ተራ በተራ ሲያጫውት፣ በዚያው ዛፍ ያለው ወፍ ጫጩቱን የሚመግብበት ሰዓት የት ይሄዳል?

ስለ ኦርኪድ ብዙ ልል ነው፤ ታገሡኝ። ሐረና ጫካ ውስጥ ጉም በማይለየው ስፍራ፣ በአያቶቻችን ዘመን የበቀለ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ኦርኪዱ ተቀምጦ ይኖራል። ዛፉን አይመጥም፤ ጠሉንና ዝናቡን ይጠጣል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ የራሱ ስንቅ የለውም፤ የሚስማማው የፈንገስ ዓይነት ካላገኘውና ካልመገበው አይበቅልም፤ በቅሎም አበባ እስኪያወጣ ዓመታት ይፈጃል። እንግዲህ አንድ ልጅ ያን ቅርንጫፍ ቆርጦ ከመንገድ ዳር ለመኪና ሲያሳይ፣ ወይም ከእኛ አንዱ ለእንግዳው ማስታወሻ ብሎ ሲነቅል፣ የሚነቀለው አበባው ብቻ ነው፤ ጉሙም፣ ፈንገሱም፣ የዛፉ ዕድሜም አብረው ወደ ሆቴል በረንዳ አይሄዱለትም። በሣምንታት ውስጥ ይጠወልጋል። ኦርኪድ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ መሆኑን የሚያውቅ እንግዳ ስንት ነው? የሚነግረውስ ማነው? ዛፉ ራሱ ሲቆረጥ ደግሞ የሚተካው ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በየጊዜው የሚጥል ነውና ኦርኪድ ሥሩን የሚያሳርፍበት አያገኝም።

ቢራቢሮውን ሁላችንም ስለምንንቀው በአጭሩ ልለፈው። ወንዱ ቢራቢሮ ከወንዝ ዳር እርጥብ አፈር ላይ በብዛት የሚያርፈው ጨው ፍለጋ ነው። እኛ ደግሞ ጎብኚው ፎቶ ሲያነሣ ጊዜ አገኘን ብለን መኪናችንን በዚያው ውኃ በኦሞ ሳሙና እናጥባለን።

የወፍ ቦታ መታወቅም የራሱ ጣጣ አለው። ጣሊያናዊው ልዑል ሩስፖሊ በደቡብ ያገኘውን ቱራኮ የት እንዳገኘው ሳይጽፍ በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው። ወፉ ስሙን ይዞ ቀረ፤ ቦታው ግን ጠፋ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የውጭ ተመራማሪ አላገኘውም። አገሬው ግን በየዕለቱ ያየው ነበር። ዛሬ የአንድ ጎጆ ቦታ ከተነሣው ፎቶ ጋር በምሽት ወደ ሁሉም ስልክ ይበተናል፤ በማግስቱ መኪና ይመጣል፤ በሦስተኛው ቀን መንገድ ይሆናል። ነጭ ሳር ፓርክ ያለች አንዲት ናይትጃር የምትባል ሌሊት የምትበር ወፍ ለሳይንስ የታወቀችው መንገድ ላይ በመኪና ተጨፍልቃ በተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ሊበን ሜዳ ላይ ያለውን ላርክ ደግሞ አስቡ። ሣሩ እሳት በመከልከሉ በቁጥቋጦ ተወርሮ፣ ከፊሉ ታርሶ፣ የቀረው በከብት ብዛት ተላጭቶ ወፉ መደበቂያ አጣ። በዚያ ላይ ጎብኚዎችን በመስመር አሰልፈን ሜዳውን እያስረገጥን እናስነሣዋለን። ነገር ግን አርብቶ አደሩ ከፊሉን ሣር ከልሎ ካሎ ባደረገበት ስፍራ ሣሩ አገግሟል፤ ወፉም ተመልሷል። ገና የቀረ ጊዜ አለ የምለው ለዚህ ነው። ያን ካሎ የሚጠብቀው አባወራ ግን ጎብኚው ከሚከፍለው ገንዘብ የሚደርሰው ምንድነው? ድርሻው በግልጽ ካልታወቀለት በክፉ ዓመት ሣሩን ለከብቱ ቢከፍተው በምን አፍ እንወቅሰዋለን?

ስለዚህ ዝናቡ ሳያባራ እንምከር። በመፈልፈያ ወራት ስፒከር እንዳይነካ፣ ቅርንጫፍ እንዳይቆረጥ፣ የጎጆ ቦታ በስልክ እንዳይላክ፣ መኪና ከወንዝ ርቆ እንዲታጠብ፣ ለካሎው ጠባቂ ከእያንዳንዱ ጉዞ የሚከፈለው ቁርጥ ሆኖ እንዲታወቅ እንስማማ፤ እንግዳውም ዝርዝሩ ሙሉ ላይሆን እንደሚችል ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ይነገረው። ወጣቶቹ እኛ የተውነውን ይተዋሉ፤ እኛ የያዝነውን ይይዛሉ። ከጎባ ለሚመጣውም፣ ከያቤሎ ለሚመጣውም መገናኛው ሻሸመኔ ነውና ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ እዚያ ብንሰበሰብ መንገዱ ማንንም አይከብድም።