ዜና አንባቢ አይቸኩል

እኔ በሶዶ ከተማ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ጧት ጧት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ዜና አነባለሁ። የዜና አንባቢ ክብሩ ያማረ ድምፁና የተተኮሰ ኮቱ ይመስለኝ ነበር። ይህ አሳቤ ስሕተት መሆኑን ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላስረዳ እወዳለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ የዐርቡ የሒሳብ ፈተና ወደ ሰኞ መዛወሩን በሹክሹክታ ነገረኝ። እኔም ቀዳሚ ለመባል ስል፣ መምህር ሳልጠይቅ ሐሙስ ጧት በድምፅ ማጉያ አወጅሁት። ወሬው ሐሰት ነበር። ስሕተቱ በማግሥቱ ጧት ቢታረምም፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር በእግሩ የሚመላለስ የክፍል ጓደኛዬ ግን እናቱን ለመርዳት እቤቱ ቀርቶ ፈተናው አመለጠው። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅርታዬ ግን ማርኩን አልመለሰለትም።

ከዚያ ወዲህ የታወቁ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዎችን ታሪክ መመርመር ጀመርሁ። አሜሪካዊው ዋልተር ክሮንካይት ከ1954 እስከ 1973 ዓ.ም. በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን የማታውን ዜና ሲያነብ ኖሯል። ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጥይት በተመቱ ጊዜ፣ ሞተዋል የሚል ወሬ ከዳላስ ደጋግሞ ደረሰው። እርሱ ግን ወሬውን ማን እንዳለው፣ ገናም በይፋ እንዳልተረጋገጠ ለሕዝቡ እየገለጸ ቈየ። ማረጋገጫው ሲደርሰው ብቻ መነጽሩን አውልቆ፣ ሰዓቱን ተመልክቶ፣ ሲቃ እየተናነቀው መርዶውን ተናገረ። ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ያን ትዕግሥቱን ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «ዛሬ ስልክ በደቂቃ ወሬ ያደርሳል፤ የሚጠብቅ ወደ ኋላ ይቀራል» ይሉኛል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን መሬት ተንዶ ሕዝብ በተቀበረ ጊዜ፣ የሟቾቹ ቍጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዐሥሮች ተነሥቶ ከሁለት መቶ በላይ ደረሰ። ወንድሙ በዚያ ለሚኖር ሰው እያንዳንዱ ቍጥር መርዶ ነው። እንግዲህ ቍጥሩን የሚያነብ ሰው፣ ማን እንደ ቈጠረውና መቼ እንደ ተቈጠረ አብሮ መናገር ግዴታው አይደለምን?

ስለዚህ የክበባችን አባሎች ሆይ፣ ከእንግዲህ በየዜናው ወረቀት ራስጌ የነጋሪው ስም ይጻፍ፤ ስም የሌለው ወሬ አይነበብ ብዬ አሳስባለሁ። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። የፈሰሰ እህልስ ይለቀማል፤ የፈሰሰ ወሬ ግን ማን ይለቅመዋል?