የማዕበሉን ዜማ ማን ደረሰው?

ሊንክ የሚባለው ልጅ አድጎ ካካሪኮ ወደምትባል መንደር ይመጣል። መንደሯ ውስጥ የነፋስ ወፍጮ አለ። ወፍጮው ውስጥ እጀታ እያሽከረከረ ሙዚቃ የሚያጫውት አንድ ሰውዬ ቆሟል፤ በጣም ተናዷል። ከሰባት ዓመት በፊት ኦካሪና የያዘ አንድ ልጅ መጥቶ ዜማ ተጫወተና ወፍጮዬን አበላሸብኝ ባይ ነው። ሊንክ የራሱን ኦካሪና ሲያወጣ ሰውዬው ያንኑ ዜማ ያስተምረዋል። ሊንክ ዜማውን ይዞ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል፤ ወፍጮ ቤቱ ገብቶ ይጫወተዋል፤ ወፍጮው እንዳበደ ይሽከረከራል፤ የመንደሩ ጉድጓድ ይደርቃል፤ ሰውዬው ይናደዳል፤ ዜማው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀራል። ከሰባት ዓመት በኋላ ለማን ያስተምረዋል? ለዚያው ልጅ።

እና ዜማውን ማን ደረሰው?

«ኮጂ ኮንዶ» የምትሉ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ የጌሙ ሙዚቃ የእሱ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን በታሪኩ ውስጥ ነው። ልጁ ከሰውዬው ተማረ፣ ሰውዬው ከልጁ ሰማ። በመሃል ቁጭ ብሎ ዜማውን የፈጠረ ሰው የለም።

ጌሙ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ኦካሪና ኦፍ ታይም» ነው፤ በ1998 ለኒንቴንዶ 64 የወጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ ናቸው፤ ስለ ዘመን አቆጣጠር ሌላ ቁስል አለኝ፣ እመለስበታለሁ)። ላልተጫወታችሁት ባጭሩ፦ ሊንክ በጊዜ ቤተ መቅደስ ውስጥ የተተከለ ሰይፍ ይነቅላል። ለጀግንነት ገና ልጅ ስለሆነ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲተኛ ይደረጋል። እሱ ሲተኛ ጋኖንዶርፍ የተባለው ክፉ የሃይሩልን አገር ይይዛል። ሊንክ ከነቃ በኋላ ሰይፉን መልሶ ከተከለው ልጅ ይሆናል፣ ከነቀለው ያድጋል። እንዲህ እየተመላለሰ አገሩን ያድናል።

እኔ ይህን ጌም የተዋወቅኩት ካምፓስ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ኢሙሌተሩን ከነጌሙ በፍላሽ አመጣው (ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም)። ጌምፓድ ስላልነበረን በኪቦርድ ነበር የምንጫወተው። ወፍጮው ጋ ስንደርስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ እስኪነጋ ተከራከርን። ጓደኛዬ «ታሪኩን የጻፈው ሰው ተሳስቷል፣ በቃ» አለ። እኔም ለዓመታት እንደዚያው አምን ነበር። አሁን ግን ሁላችንም ስህተቱን የፈለግነው የተሳሳተ ቦታ ነው እላለሁ።

ወፍጮው ላይ የሚጣረስ ነገር የለምኮ። እያንዳንዱን ክስተት በተራ ፈትሹት፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። ሰውዬው የሚያስታውሰው ነገር በእርግጥ ተፈጽሟል፤ ሊንክ ያደረገውም ሰውዬው ከሚያስታውሰው ጋር አንድ ነው። እንግዳ ነው፣ አዎ። ለፕሮግራመር ደግሞ ያሳክካል፤ ማንም የመነሻ ዋጋ ያልሰጠው ቫሪያብል ነው፣ ግን ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ የሚያሳክክ ነገር ሁሉ ባግ አይደለም። እንዲያውም ጌሙ ይህን ክብ በደንብ ይጠብቀዋል። የዜማው ኖታዎች ስድስት ናቸው። ከዚህ በፊት ተጫውታችሁ በቃላችሁ ብትይዟቸውም፣ አዲስ ጨዋታ ጀምራችሁ ሰውዬው ሳያስተምራችሁ ብትሞክሩ አይሠራም። ሳይሰጥህ ልትሰጥ አትችልም፤ ሕጉ ይህ ነው።

ጉዱ ያለው ባቄላው ላይ ነው።

ልጅ ሆናችሁ የዞራ ወንዝ ዳር የምታገኙት ባቄላ ሻጭ አለ፤ የራሱን ሸቀጥ እየቆረጠመ የሚቀመጥ። የመጀመሪያውን ፍሬ በ10 ሩፒ ይሸጥላችኋል፣ ቀጣዩን በ20፣ እንዲህ እያለ አሥረኛውን በ100 (ነጋዴ ማለት እሱ ነው)። ፍሬውን በልጅነታችሁ ለስላሳ አፈር ላይ ትተክሉታላችሁ። ከሰባት ዓመት በኋላ ስትመጡ አየር ላይ የሚሄድ ትልቅ ቅጠል ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ትሳፈሩበታላችሁ። ደስ ይላል። አሁን ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ አድጋችሁ እዚያ አፈር ጋ ሂዱ፤ ምንም የለም። ወደ ልጅነት ተመለሱ፣ ትከሉ፣ እንደገና እደጉ፤ ቅጠሉ አለ። ያለፈው ተቀየረ ማለት ነው።

ሁለቱ ሕጎች ባንድ ዓለም ውስጥ አብረው አይኖሩም። ወፍጮው ጋ ያለው ሰውዬ ሊንክ ገና ሄዶ ያላደረገውን ነገር ያስታውሳል። አፈሩ ግን ሊንክ ገና ሄዶ ያልተከለውን ባቄላ አያውቅም። ሰውዬው ያውቃል፣ አፈሩ አያውቅም። ወይ ያለፈው ጊዜ የሊንክን ሥራ ከመጀመሪያውም ይዟል፣ ወይ አልያዘም፤ ጌሙ ሁለቱንም ይላል። የሚገርመኝ፣ ሰው ሁሉ ስለ ወፍጮው ሲጨቃጨቅ ስለ ባቄላው ትንፍሽ የሚል አለመኖሩ።

«ኧረ ጌም ነው፣ ምን አጨቃጨቀህ» የሚሉ ሰዎች እዚህ ጋ ይመጣሉ። እነዚህን በቀላሉ አላልፋቸውም። ይህ ጌም እኮ ሕግን የሚያከብር ጌም ነው። ቁልፍ ከሌለህ በሩ አይከፈትም፤ ዜማውን ካልተማርክ አይሠራም፤ የውሃው ቤተ መቅደስ ውስጥ የውሃውን ከፍታ በተሳሳተ ቅደም ተከተል ካስቀመጥክ ሰዓታት ትዞራለህ። እኔን በሕግ እያንገላታ አርባ ሰዓት የወሰደብኝ ጌም፣ ተራው የእሱ ሲሆን «ሕግ ምን ያደርጋል» ሊለኝ አይችልም።

ግን መጣረሱን ማመን አንድ ነገር ነው፤ መጠገን ሌላ። በቀደመ ሥራዬ የአንድ ድርጅት ሲስተም ውስጥ ከአውሮፓ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይሩ ሦስት ፋንክሽኖች አገኘሁ። አንዱ ዝም ብሎ 8 ዓመት ይቀንሳል። አንዱ 7 ዓመት ከ8 ወር ይቀንሳል። ሦስተኛው ጳጉሜንን፣ ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ሳይቀር፣ በትክክል ያሰላል። የአንድ ደንበኛ የልደት ቀን ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይታያል። የሚገርመው፣ እያንዳንዱ ለተጻፈበት ቦታ ያን ያህል መጥፎ አልነበረም። የመጀመሪያው የተጻፈው ዕድሜን በግርድፉ ለሚያሳይ ሪፖርት ነበር፤ ለዚያ ይበቃል። ጥፋቱ የመጣው አንድ ሰው ሦስቱን «ለማስታረቅ» አራተኛ ዓምድ ጨምሮ ስሙን «ትክክለኛ ቀን» ሲለው ነው። ከዚያ በኋላ ማንም የትኛውንም ማመን አቃተው።

የዜልዳ አራተኛ ዓምድ በታኅሣሥ 2011 ጃፓን ውስጥ ታትሟል፤ «ሃይሩል ሂስቶሪያ» ይባላል። ተከታታይ ጌሙ 25 ዓመት የሞላው ሰሞን የወጣ መጽሐፍ ነው። ውስጡ ይፋ የሆነ የዘመን ሐረግ አለ፤ ሁሉንም ጌሞች በተራ ደርድሮ ኦካሪና ላይ ሲደርስ ለሦስት ይሰነጠቃል። በአንዱ ቅርንጫፍ ሊንክ አሸንፎ ወደ ልጅነቱ ተመልሷል። በሁለተኛው ሊንክ አሸንፎ ሄዷል፣ እሱ የሌለበት ዓለም ቀጥሏል። በሦስተኛው ሊንክ ተሸንፏል።

ቆይ፣ ተሸንፏል?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ከጌሙ የመጡ ናቸው፤ ኋላ እነግራችኋለሁ። ሦስተኛው ግን ጌሙ ውስጥ የለም። ያለው «ጌም ኦቨር» ነው። ልቦችህ ያልቃሉ፣ ትወድቃለህ፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፣ ትቀጥላለህ። ይህ አንድ ዓለም የሚወልድ ከሆነ እኔ የውሃው ቤተ መቅደስ ውስጥ ብቻ አርባ ዓለም ወልጃለሁ። ደግሞስ ለምን እዚህ ጌም ላይ ብቻ? ሊንክ በሌሎቹም ይሞታል፤ ለእነሱ ቅርንጫፍ የላቸውም። ምክንያቱን ለማየት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በ1991 የወጣው «ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት» የራሱ የኋላ ታሪክ አለው፤ ሌሎች ጌሞች ሁለቱን ቅርንጫፎች ሲይዟቸው እሱ የሚቀመጥበት ቦታ አጣ። ስለዚህ ቦታ ተሠራለት። እኔ በኢሙሌተር ሴቭ ስቴት የማደርገውን መጽሐፉ ታሪክ ብሎ ጻፈው።

አድናቂዎች ይህን ሐረግ ልክ እንደ ሕገ መንግሥት አንቀጽ ሲጠቅሱ ደሜ ይፈላል። «ተፈቷል» ይላሉ። ምኑ ነው የተፈታው? ባቄላው አሁንም ከወፍጮው ጋር ይጣረሳል። ሐረጉ አንድም ጥያቄ አልመለሰም፤ ይልቅ አንዱን በጣም አስፈላጊ ጥያቄ ሸፈነው። እሱም የመጨረሻው ትዕይንት ነው።

አስታውሱት። ጋኖንዶርፍ ተሸንፏል። ዜልዳ ኦካሪናውን ተቀብላ ሊንክን የተነጠቀውን ልጅነት ይኑር ብላ ወደ ኋላ ትልከዋለች። ደግነት ነው። ግን የእሱን ሰባት ዓመት ስትመልስ የሌሎቹን አልመለሰችም። እሱ ከሄደ በኋላ በሎን ሎን የከብት እርባታ ሕዝቡ እሳት ዙሪያ ሲጨፍር እናያለን፤ ያ ዓለም አልጠፋም። ገበያቸው ፈርሶ ሙታን የሚንከራተቱበት ሆኗል፤ ሰባት ዓመታቸው እንደሄደ ሄዷል። አሁን ደግሞ ጀግናቸውም የለም። እሷ ራሷ እዚያው ናት። እሱ በተመለሰበት ዓለም ደግሞ ምን እንዳደረገ የሚያውቅ የለም፤ ያልሆነ ጦርነት ትዝታ ይዞ የሚዞር ልጅ ሆነ። አብራው የነበረችው ናቪ እንኳ ቤተ መቅደሱ መስኮት ጋ ትታው ትሄዳለች።

ይህ ሦስተኛው ሕግ ነው፤ ያለፈው አይቀየርም፣ ክብም አይሆንም፣ ለሁለት ይከፈላል። ከወፍጮውም ከባቄላውም ጋር ይጣረሳል። ቢሆንም የጌሙ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ስጦታው ለተሰጠው ሰው ብቻ ነው የደረሰው፤ ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

እና ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የወሰደ ነበር። በ2002 የወጣው «ዊንድ ዌከር» መነሻው ያ የቀረው ዓለም ነው። ክፉው ይመለሳል፤ ሕዝቡ ጀግናውን ይጠብቃል፤ ጀግናው አይመጣም። መምጣት አይችልማ፣ ልጅነቱን እየኖረ ነው። በመጨረሻ አማልክቱ አገሩን በውሃ ያጥለቀልቁታል፤ የተራራ ጫፎች ደሴት ሆነው ይቀራሉ። የኦካሪና መጨረሻ ላይ የቀረውን ቀዳዳ አልደፈኑትም፤ ገብተውበት ውስጡ ባሕር አገኙ። ልዩነቱ ይህ ነው። «ዊንድ ዌከር» ማን ከፈለ ብሎ ጠየቀ፤ ሐረጉ ያንኑ ሕዝብ ወስዶ አንድ ሣጥን አደረገው፣ ከጎኑ ደግሞ «ጌም ኦቨር» የወለደውን ሣጥን እኩል አስቀመጠ። ለእኔ እኩል አይደሉም። አንዱ የተተወ አገር ነው፣ ሌላው የመደርደሪያ ችግር።

መጽሐፉ በወጣበት በዚያው 2011፣ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ኒንቴንዶ ጌሙን ለ3ዲኤስ አድሶ አወጣው። ማስተካከል የፈለጉትን አስተካክለዋል። የውሃው ቤተ መቅደስ ውስጥ መንገድ የሚያሳዩ ባለ ቀለም መስመሮች ጨመሩ፤ የብረት ጫማውን ለማጥለቅ በየደቂቃው ጌሙን አቁሞ ሜኑ መክፈት ቀረ (ተመስገን)። ሠሪዎቹ በወቅቱ በሰጡት ቃለ ምልልስ እንደተናገሩት፣ የድሮ ተጫዋቾች የሚወዷቸውን፣ ጉዳት የሌላቸውን ባጎች ፕሮግራመሮቹ እየቆጫቸው ሆን ብለው ተዉአቸው። ወፍጮው ጋ ሄጄ አይቻለሁ። ሰውዬው እዚያው እጀታውን ያሽከረክራል፤ አሁንም ተናዷል፤ ዜማውን አሁንም ከዚያ ልጅ ነው የሰማው።