ጥቁር ጭስ ጉልበት አይደለም

አንድ የካቲት ቀን ከሽንዲ ወደ ቡሬ በሚመጣ አሮጌ ፒካፕ ላይ ተሳፍሬ ነበር። ጋቢና ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። እኛ ወንዶቹ ከኋላ በበቆሎና በበርበሬ ጆንያ ላይ ተደራርበናል። ዳገቱ ሲጀምር መኪናው ታነቀ። ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ግን አይነሳም። ከኋላችን የሚትጎለጎለው ጭስ መንገዱን አጠቆረው። ከብት የሚነዱ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ወደ እርሻው ሸሹ።

የሴትዮዋ አባት ወደ ጋቢናው ጎንበስ ብለው «አንተ ልጅ፣ ይኼ መኪና ዛሬ ያደርሰናል?» አሉ።

«ያደርሰናል አባባ፤ ባለፈው ሳምንት እኮ ፖምፓውን አስከፍቼዋለሁ» አለ ሾፌሩ።

አላደረሰንም። የሙቀት መለኪያው ቀዩን አለፈ፣ ሞተሩ ጠፋ። ሴትዮዋን ያደረሳት ከኋላችን የመጣ አይሱዙ ነው። በሰላም ተገላግላለች። ይህን ጽሑፍ በሐዘን ሳይሆን በንዴት የምጽፈውም ስለተረፈች ነው።

የተናደድኩት በሾፌሩ አይደለም። «መኪናው ጉልበት አጣ» ሲባል ምን እንደወሰደበት ሳይጠይቁ «ጉልበት እንጨምርለት» በሚለው ልማድ ነው። ይህ ልማድ በምዕራብ ጎጃም መንገዶች ላይ ሞተር እየገደለ፣ ሰው እያዘገየ፣ ሳንባ እያጠቆረ ነው። ጋራዡም፣ ባለመኪናውም፣ መንግሥትም እጃቸው አለበት።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንነጋገር። ናፍጣ ብቻውን አይነድም፤ አየር ይፈልጋል። ምድጃ ላይ እንጨት ብታበዙና አየር ባያገኝ ቤቱ ጭስ ይሞላል እንጂ ወጡ ቶሎ አይፈላም። ሞተርም እንዲሁ ነው። አገራችን ደግሞ ከፍታ ላይ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ10 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር፣ ቡሬ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ እንጅባራ ከ2,500 ያልፋል። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ቡሬ ላይ ከጉልበቱ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋውን አጥቷል ማለት ነው፤ ምንም ሳይበላሽ።

በገጠራችን የሚመላለሱት አሮጌ ሃይሉክሶች ብዙዎቹ ባለ 3ኤል እና ባለ 5ኤል ሞተር ናቸው። አንዱ 2.8፣ ሌላው 3 ሊትር ነው፤ ሁለቱም ቱርቦ የላቸውም። አዲስ ሳሉ፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ 90 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነበራቸው። ቡሬ ላይ 75 ቢቀራቸው ነው። በዚህ ላይ 20 ዓመት የሠራ ሞተር ነው፣ በዚህ ላይ አቧራ የጠጣ ነው፣ በዚህ ላይ የአንድ ቶን መኪና ላይ 20 ኩንታልና ስምንት ሰው ተጭኖበታል። ከዚያ «ለምን አይነሳም?» ይባላል።

እዚህ ላይ ነው «ፖምፓውን ክፈተው» የሚባለው። የፖምፓው ብሎን ይዞርና ሞተሩ ከሚያገኘው አየር በላይ ናፍጣ ይረጫል። ለጥቂት ቀናት ሾፌሩ ልዩነት ይሰማዋል፤ ይህን አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን ያልነደደው ናፍጣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ከፊሉ ከሞተር ዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ያቀጥነዋል፣ የማቃጠያው ሙቀት ከልክ አልፎ ፒስተኑን ይበላል። ጥቁር ጭስ ማለት ከፍላችሁበት ያልተጠቀማችሁበት ናፍጣ ነው። ጭሱን አይቶ «ይኼ ጉልበት አለው» የሚል ሰው ገንዘቡ ሲቃጠል እያየ የሚያጨበጭብ ሰው ነው።

አዳዲሶቹ ፒካፖች ላይ ደግሞ ሌላ ገበያ አለ። በማኅበራዊ ሚዲያ የምትሸጥ፣ ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ሽቦ ጋር የምትገጠም ትንሽ ሳጥን አለች። «መኪናዎን አንበሳ ታደርጋለች» ይባልላታል። የምትሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ሩብ ሲረግጥ ለሞተሩ ኮምፒውተር «ግማሽ ረገጠ» ብላ ትዋሻለች። አንዲት ፈረስ ጉልበት አትጨምርም። ያንኑ በእግርህ ብትረግጠው የሚመጣው ያው ነው። ፔዳሉ ቶሎ የመለሰ ሲመስል መኪናው የበረታ ይመስላል፤ ዳገቱ ላይ ሙሉ ሲረገጥ ግን ሳጥኗ ያለችውና የሌለችው መኪና እኩል ናቸው። ፔዳሉ በገመድ የሚሠራው አሮጌ ሃይሉክስ ላይማ ጭራሽ የምትገጠምበት ሽቦ የለም።

ታዲያ ጉልበቱን ማን ወሰደው? ከርካሹ ወደ ውዱ ብንሄድ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ላይ ይገኛል።

የአየር ፊልትሮው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በበጋ የሄደ ሰው አቧራው ምን እንደሆነ ያውቃል። የታፈነ ፊልትሮ ያለውን ቀጭን አየርም ይከለክላል።

ፍሬኑ። ጥቂት መንገድ ሄዳችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም የሚግል ከሆነ መኪናው ፍሬን ይዞ እየተጎተተ ነው።

ፍሪሲዮኑ። ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ ጉልበቱ አልጠፋም፤ ጎማው ጋ አልደረሰም።

ጎማው። ለግርማ ሞገስ ተብሎ ከፋብሪካው ልክ 10 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ስታስገቡ መሬት ላይ የሚደርሰውን ግፊት በዚያው ልክ ትቀንሳላችሁ።

የቱርቦው ጎማ ቱቦ። ባለ ቱርቦ መኪና እያፏጨ ጥቁር ካጨሰ አየሩ በተሰነጠቀ ቱቦ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ቱርቦው ደግሞ ሞተሩ በደንብ ሳይዞር አይነቃም፤ በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ዳገት ከመውጣት ወደ ሁለተኛ መቀነስ ከማንኛውም ሳጥን ይሻላል። ይህ በነጻ ነው።

አሁን ዋናው ሌባ ላይ ደረስን፤ ናፍጣው ራሱ።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን በግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ቦቴ አይገባም፣ ማደያው ይደርቃል። ማደያ ሲደርቅ ናፍጣ ከመንገድ ዳር በጄሪካንና በሀይላንድ ይገዛል። ያ ጄሪካን ትናንት ምን እንደያዘ ማንም አያውቅም። ውኃ ይገባበታል፣ አፈር ይገባበታል፣ ለማብዛት ላምባ ይቀላቀልበታል። ናፍጣ የሚነድ ብቻ ሳይሆን ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን የሚያለሰልስ ዘይትም ነው። ውኃና ላምባ ያንን ልስላሴ ይነጥቃሉ። አዳዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ ከፀጉር ብዙ በማይወፍር ቀዳዳ የሚረጩ ናቸው። አንዲት የአፈር ቅንጣት እዚያ ምን እንደምትሠራ አስቡት። መኪናው «ስሰጠው አይቀበልም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። የናፍጣ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ኢንጀክተሩ መርጨት ትቶ ያንጠባጥባል።

መላው ከባድ አይደለም። የገዛችሁትን ናፍጣ በንጹሕ ሀይላንድ ቅዱና ሌሊቱን አስቀምጡት። ውኃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ ጠዋት ከሥር ተለይቶ ታገኙታላችሁ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈታ አድርጋችሁ ውኃውን አውጡ። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ መብራት ከበራ አትለፉት። በንጹሕ ጨርቅ ሳታጣሩ ከጄሪካን አትቅዱ፤ ጨርቁ አፈሩን እንጂ ውኃውንና ላምባውን እንደማያስቀር ግን እወቁ።

«መካኒኩ ምን ያድርግ? ደንበኛው በአንድ ሰዓት ጉልበት ስጠኝ ይለዋል» የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው። መካኒኩ ክፉ ሰው አይደለም። ብሎን ለማዞር ይከፈለዋል፤ ለመመርመር ግን የሚከፍለው የለም። አንድ ሰዓት ፊልትሮ፣ ፍሬንና ቱቦ ሲያይ ቢቆይና «ምንም አልጨመርኩም፣ ይኼን ብቻ ቀየርኩ» ቢል «ምን ሠራህና!» ይባላል። ያረጀ ፖምፓ በእርግጥ መስተካከል የሚያስፈልገው ጊዜም አለ። ያ ግን ወርዶ፣ በመሞከሪያ ማሽን ተለክቶ የሚሠራ ሥራ ነው። በጆሮ እየሰሙ፣ በጭስ ብዛት እየገመቱ ብሎን ማዞር ማስተካከል ሳይሆን ቁማር ነው።

ቁማሩ ደግሞ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ውድ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ላይ ይምጣ፤ እሰየው። ሽንዲና ቋሪት ግን ገና ለብዙ ዓመት በዚያው አሮጌ ሃይሉክስ ነው ምጥ የያዛትን ሴት የሚያመላልሱት። ሞተሩ ከተቃጠለ ምትክ የለም። የአንድ ቤተሰብ ጥሪት፣ የአንድ ቀበሌ አምቡላንስ አብሮ ይሞታል።

ጭሱንም አንርሳ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ ያስገባው በሰኔ 2004 ነው። እኛ ግን ልጆቻችን ደብተር ይዘው በአስፋልት ዳር ሲሄዱ ያንን ጭስ ፊታቸው ላይ እንለቅባቸዋለን። በየዓመቱ ቦሎ ይለጠፋል። ለመሆኑ ይኼ ሁሉ ጭስ ቦሎ እንዴት አገኘ? መርማሪው አላየውም ወይስ መኪናውን አላየውም?

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው።

ባለመኪኖች፦ «ጉልበት ጨምርልኝ» ማለት ተዉ። «ጉልበቴን ምን ወሰደው?» በሉ፤ ለምርመራውም ክፈሉ። ጭነቱንም ቀንሱ።

ጋራዦች፦ ፖምፓ ከመንካታችሁ በፊት ፊልትሮውን፣ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑንና ናፍጣውን አይታችሁ ያገኛችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።

የዞኑ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፦ አንድ የፖምፓና የኢንጀክተር መሞከሪያ ማሽን ለሕዝብ አገልግሎት ክፈቱ። ተማሪው ይማርበታል፣ ባለመኪናው ይድንበታል።

ንግድ ቢሮና ትራንስፖርት ቢሮ፦ በ2017 በወጣው የነዳጅ አዋጅ የመንገድ ዳር ሻጩን ከማሳደዳችሁ በፊት ማደያው ናፍጣ እንዲኖረው አድርጉ፤ ያለውም ናፍጣ ውኃ እንዳልገባበት መርምሩ። የቦሎ ምርመራ ላይ ጭስ ይለካ።

ዳገቱ ሥር ደርሶ በቅሎን ገብስ መቀለብ እንደማያዋጣ የሚተርት ሕዝብ ነን። በቅሎዋን ትናንት ያልቀለበ ሰው ዛሬ ዳገት ላይ ቢገርፋት ጥፋቱ የእሱ ነው። ፖምፓ መክፈት ያ ግርፊያ ነው።

ያቺ ሴት አይሱዙ ደርሶላታል። ለሚቀጥለዋ ግን ከኋላ የሚመጣ መኪና መኖሩን ማንም ዋስ አይሆናትም።