ሳይገባን አንፈርም

 

ዝናቡ ገብቷል፤ የመጀመሪያው ተዑዳም እየደረሰ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ከልጃችሁ ቦርሳ ሥር የተጣጠፈ ወረቀት ይወጣል፣ ወደ ወላጆች ስብሰባ ይጠራችኋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ እዚያ ስለምትፈርሙት ፊርማ ነው።

አባቴ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያኑራትና፣ ቄስ ነበሩ። በአገራችን ሳለን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በከብት ሲካሰስ፣ ሰው ከሩቅ መንደር እየመጣ እርሳቸው ፊት ይቆም ነበር። እስራኤል ከገባን በኋላ ግን፣ ታናሽ ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ተጠሩ። ትንሿ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መምህርቷ በዕብራይስጥ ተናገረች፤ የሚተረጉመው ራሱ ወንድሜ ነበር። «ደህና ነው ትላለች አባባ፤ እዚህ ላይ ይፈርሙ ነው የምትለው» አላቸው። አባቴም ግዕዝ በጻፈ እጃቸው ስማቸውን አሳምረው ጻፉ።

የፈረሙት ልጁ ከባግሩት ክፍል ወጥቶ ወደ ሙያ ክፍል እንዲዛወር ነበር። ወንድሜ አልዋሸም፤ እርሱም አልገባውም። ነገሩ የታወቀው እኔ ከጻባ ለዕረፍት መጥቼ ተዑዳውን ሳየው ነው፤ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። አባቴ ብዙ ዝም አሉና፣ «የሰው ሙግት ስሰማ ኖሬ፣ የልጄን ነገር ሳልሰማ ፈረምኩ» አሉ። ወንድሜ ዛሬ ሹፌር ነው። ሥራውን አላቃልልም፣ ልጆቹን በላቡ ያሳድጋል። ግን የመረጠው እርሱ አልነበረም።

«ያ እኮ ድሮ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኞቹ ወጣቶቻችን ወደ ፕኒሚያ ይላኩ ነበር፣ ብዙዎቹም ሙያ ክፍል ገቡ። ዛሬ መንገዱ ተለውጧል። በሩ የሚዘጋው ግን በሌላ ስም ነው፤ ሃክባጻ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለባግሩት ሂሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዬኺዶት ይማራሉ። ተዑዳው ላይ 90 የሚል ቁጥር ስናይ ደስ ይለናል። ነገር ግን በ3 ዬኺዶት የተገኘ 90 እና በ5 ዬኺዶት የተገኘ 90 አንድ አይደሉም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለ5 ዬኺዶት ሂሳብ 35 ነጥብ ይጨምራሉ፤ ለ3 ምንም አይጨምሩም። ጻባም ለቴክኖሎጂ ክፍሎቹ ልጅ ሲመርጥ ይህንኑ ያያል። ወደ ታች ለመውረድ አንድ ቀን ይበቃል፤ ለመመለስ ግን ልጁ ያመለጠውን ሁሉ ማካካስ አለበት።

እኔ አስተማሪ ነኝና በወዲያኛው ጠረጴዛም ተቀምጬ አይቻለሁ። ማን ይውረድ ተብሎ ሲመከር፣ ወላጁ ነገ ስልክ የሚደውል ልጅ ሁለት ጊዜ ይታያል። ወላጁ የማይጠይቅ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል። ክፋት ነው አልልም፤ ግን ይሆናል። እኔም ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ዝም ያልኩበት ስብሰባ አለ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በወንዶቹ ልጆቻችን ላይ ደግሞ ይብሳል። ቶሎ «ረባሽ» ይባላሉ፣ ከዚያ በባሕርያቸው ምክንያት በሂሳብ ይወርዳሉ። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ፣ በእኛ ላይ የሚደርሰውን አድልዎ፣ በትምህርት በኩል ያለውንም ጨምሮ፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ጽፎታል። ስለዚህ የሐሜት ወሬ አይደለም።

ሽማግሌዎቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር። በአገራችን መምህርን አለመጠየቅ ጨዋነት ነበር። እዚህ ግን ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። የተማሪ መብት የሚባል ሕግ አለ፣ በ2000 የወጣ። በዘር ወይም በድህነት ምክንያት ልጅን በትምህርት መስመር መለየት ክልክል ነው ይላል። ልጅን ለዘለቄታው ከትምህርት ቤት ከማባረርም በፊት ልጁና ወላጆቹ መሰማት አለባቸው ይላል። ብትጠይቁ የምትጠይቁት መብታችሁን ነው፣ ውለታ አይደለም።

እንግዲህ ስትሄዱ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ፊደል የተባለው ማኅበር ያሠለጠናቸው አገናኞች፣ መጋሽሪም የሚባሉት፣ በአንዳንድ ትምህርት ቤት አሉ፤ ከሌሉ አንድ ትልቅ ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጄ በስንት ዬኺዶት ነው፣ በየትኛው ፈተናስ ተወሰነ? ከፍ ለማለት ምን ያስፈልገዋል፣ መቼስ እንደገና ይታያል? ትምህርት ቤቱ ምን የእርዳታ ሰዓት አለው? ስለ ባሕርዩ ብቻ ከነገሯችሁ፣ «እሺ ሰማሁ፣ አሁን ስለ ሂሳቡ ንገሩኝ» በሉ። ወረቀት ቢሰጧችሁ «ቤት ወስጄ አንብቤ እመልሳለሁ» በሉ። ማንም አይቆጣችሁም።

መጠየቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ልጁ ካልተረዳ ተመልሶ ይወርዳል። በእኛ ሰፈር አምስት አባቶች ተነጋግረን የቤት ክኔሴቱን ክፍል በሳምንት ሁለት ማታ እንከፍታለን። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሁለት ልጆቻችን መጥተው ሂሳብ ያስጠናሉ። እናቶች ሻይና ዳቦ ያመጣሉ። ሽማግሌዎቹ ሂሳብ አያውቁም፤ በር አጠገብ ተቀምጠው ያወራሉ። ልጆቹ ግን እነርሱ ስላሉ ይመጣሉ፣ ስልካቸውንም ኪሳቸው ይከታሉ። ገንዘብ አልጠየቀንም፤ ቁልፍና ሁለት ማታ ብቻ ነው የጠየቀን። ባለፈው ዓመት ወደ 3 ሊወርድ የነበረ አንድ ልጅ አባቱ «ሦስት ወር ስጡን» ብለው ጠየቁ፤ ልጁ ዛሬም በ4 ይማራል። እናንተ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ፣ ፔራኽ ከሚባለው ፕሮግራም ተማሪ ይመደብለት እንደሆነ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።

ልጁ ሹፌር ቢሆን፣ ኢንጂነር ቢሆን፣ ይሁን። ግን መርጦ ይሁን።

በሚቀጥለው ስለ ጻቭ ሪሾን እጽፍላችኋለሁ፤ ልጆቻችን 16 እና 17 ዓመት ሲሞላቸው ስለሚጠሩበት ፈተና። እስከዚያው ወረቀቱን ከቦርሳው ፈልጉ። እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ይባርክላችሁ። ደህና ሁኑ።