ሰኞ ስብሰባ የማይጠራ አለቃ

ካኮ ሰኞ ሰኞ ገበያ ነው። ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ያን ዕለት በባናውም በአሪውም ሕዝብ ትሞላለች። ማሩ፣ ቅቤው፣ ፍየሉ ይወጣል። ተራርቆ የሚኖረውን ሰው ለማግኘት በእግር ሲኳትን የሚከርም የጤና ኤክስቴንሽን ወይም የግብርና ባለሙያ ብዙ ሰው በአንድ ቀን የሚያገኘው እዚያ ነው። ክትባት ያለፈበትን ሕፃን እናት ያስታውሳል፤ የከብት በሽታ የት እንደገባ ይሰማል።

ስለዚህ ጥሩ አለቃ ምን ዓይነት ነው ብባል፣ ሰኞ ስብሰባ የማይጠራ ነው እላለሁ። ቀልድ አይደለም። ሰኞን ለሠራተኛው የሚተው አለቃ ሥራው የትና መቼ እንደሚሠራ ያውቃል ማለት ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የአሠራር ማሻሻያ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ ካይዘንና አንድ ለአምስት ተጨመሩ። ቅጹ በዛ። ሠራተኛው ግን አለቃውን የሚለካበት የራሱ ሚዛን አለው። የሱፐርቪዥን መኪና ጤና ኬላ ደጃፍ ሲቆም አንዱ አለቃ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት “ስንት ፐርሰንት ደረሳችሁ?” ብሎ ይሄዳል። ሌላው ይወርድና የክትባቱን ማቀዝቀዣ ከፍቶ ያያል፤ ተበላሽቶ ካገኘው እዚያው ቆሞ ስልክ ይደውላል። ሠራተኛ ያችን ስልክ ለዓመታት ያነሳታል።

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ያለው ተረት ደግሞ በትንንሹ ነገር ይታያል። አበል ያለው ሥልጠና ሲመጣ የሚላኩት እነማን ናቸው? አበል የሌለው የመስክ ሥራስ ማን ላይ ይወድቃል? አለቃው ረሳሁት ቢልም ቢሮው በሙሉ ያስታውሳል።

አለቃውም እኮ አለቃ አለበት የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ወረዳው በዞን፣ ዞኑ በክልል ይታዘዛል። ጥሩነቱ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ከላይ የወረደውን ቁጥር እንዳለ ሠራተኛው ላይ መጫን ለማንም አይከብድም። የሚከብደው “ይህ ዕቅድ ያለ መጓጓዣ አይደርስም” ብሎ ወደ ላይ መናገር ነው። ያልተሠራው ተሠራ ተብሎ የሚጻፈው፣ ይህን የሚናገር ሲጠፋ ነው።

ግምገማ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለቃው ፊት ለፊት ተቀምጦ ማን ይናገራል? ይልቅስ ሠራተኛው ስሙን ሳይጽፍ በየ6 ወሩ ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ አለቃዬ የምሠራበት ድረስ መጥቶ አይቷል ወይ? የነገርኩትን ችግር ለበላይ አቅርቧል ወይ? ዕድሉን በተራ ያከፋፍላል ወይ? መልሱም ሹመት ሲሰጥ ይታይ። ሦስቱንም የወደቀን ሰው ወደ ሌላ ወረዳ ማዛወር፣ የዚያን ወረዳ ሠራተኛ ባልበላው ዕዳ ማስከፈል ነው።